በግራ እጅ የተፈተለ ማግ

አራዳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1918 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደሥላሴ፣

ሰላምታውን ከታች አደርሳለሁ፣ መጀመሪያ የዛሬ ጠዋቱን ልንገርህ። ሰርክአዲስ ሻይ ልትቀዳልኝ ማንቆርቆሪያውን ከከሰሉ ላይ አነሳች። በጆሮው አይደለም፣ በሆዱ ነው ያነሳችው፣ በባዶ እጇ። እሱን ይዛ ቆማ ታወራኛለች። ስለ ጎረቤት ዶሮ ነው የምታወራው፣ አጥር እየዘለለች ስለምትገባው። መጀመሪያ አንድ ነገር ሸተተኝ፣ ፀጉር የተቃጠለ መሰለኝ። ከዚያ እጇን አየሁ። ጮኼ አስጣልኳት፣ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እሷ የደነገጠችው በእኔ ጩኸት ነው እንጂ በእሳቱ አይደለም። ያውራ ጣቷ ቆዳ ተነስቶ፣ "ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?" ትለኛለች።

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። ግሪኩ ጌታዬ ቢፈልግ ደብዳቤዎቹን ራሱ ይጻፍ። አንተ ሐኪም ቤት ውስጥ ስንት ዓመት አስተርጉመሃል፣ ቁስል አጥበሃል፣ ስለዚህ ሁሉንም በተራ ልጻፍልህ፣ አለዚያ ይጠፋብኛል።

አንደኛ፣ በሽታው የቀኝ እጇ ነው። ሌሊት ይደነዝዛል። እጁ ሲተኛ እሷ ትነቃለች። አራግፋ አራግፋ ነው የሚመለስላት፣ እጁ ላይ የተጣበቀ ነገር ሊያስለቅቅ እንደሚታገል ሰው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ጣት አይደለም። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣት ናቸው። ትንሿ ጣት ደህና ናት። የቀለበት ጣቷ ግን ግማሹ ነው። ወደ መሃል ጣት ያለው ጎኑ ምንም አያውቅም፣ ወደ ትንሿ ያለው ጎኑ ያውቃል። ዓይኗን አስጨፍኜ በመርፌ ሞክሬዋለሁ። በጣቱ መሃል ለመሃል ድንበር ያበጁበት ይመስላል። ወልደሥላሴ፣ የአንዲት ልጅ አንድ ጣት ለሁለት የሚካፈለው ማነው?

ሦስተኛ፣ ራሷ ያለችው። "ካውራ ጣቴ በኩል የያዘኝ ሰው አለ አባባ፣ ትንሿን ብቻ ነው የተወልኝ" አለችኝ። እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅኩም።

አራተኛው ሥራዋ ነው፣ እሱን ደግሞ ከሥሩ ካልነገርኩህ አይገባህም። የዛሬ ስምንት ዓመት ያ የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲያጭደው አንተ እዚህ አልነበርክም። ሰርክአዲስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፣ ነፍሷ ልትወጣ ልትወጣ ስትል እናቷ የሺዓለም ፊቷን ወደ ጊዮርጊስ አዞረች። "ይህችን ልጅ ካተረፍክልኝ የመቅደስህን መጋረጃ በገዛ እጇ ፈትላ ታስገባልሃለች" አለች። እዚያው አጠገቧ ተኝቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ተረፈች። የሺዓለም ሰንበትበት ሳትል ሞተች።

ዘንድሮ ሰርክአዲስ ራሷ ተነሳች። የእናቴን ስለት ለኅዳር ጊዮርጊስ አስገባለሁ ብላ ከፋሲካ ወዲህ እንዝርቱን ከእጇ አላስቀመጠችም። እኔና አንተ ስለ ፈትል ምን እናውቃለን፣ ግን ተምሬያለሁ፤ ድሩ ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋው ነው፣ ማጉ በወርድ የሚያስገባው። ድሩን ጨርሳለች። ማጉን ልትጀምር ስትል ነው እጇ የተኛው። የተሳሉለትን ያላስገቡ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው እዚህ ሰፈር የሚወራውን ታውቃለህ። የተሰጠው ነገር ተመልሶ ይወሰዳል ነው የሚሉት። እሱን ነው የምፈራው። ከእጅ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዴት ይሄዳል?

ወጌሻው እሸቴ አይቷታል። ደሙ አንጓዋ ላይ ሞቶ ተቀምጧል፣ በምላጭ ከፍቼ አወጣዋለሁ ብሎ ለጳጉሜ ቀጥሮናል። ምላጩን አይቼዋለሁ። እንቅልፍ ካየሁ ሰንብቻለሁ።

ሳይቆረጥ የሚድንበት መንገድ ካለ ጻፍልኝ። ከሌለም ጻፍልኝ። ለባለቤትህ ለአክበረት ሰላም በልልኝ፣ ሰላምታ ከታች አደርሳለሁ ብዬ እዚህ ደረስኩ፣ ይቅርታ። እንደምን ናችሁ?

ወንድምህ አባይነህ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1918 ዓ.ም.

አባይነህ፣

እኛ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ግን ሻማ ያቀልጣል። ደብዳቤህ ከባቡሩ እንደወረደ ለሐኪማችን ቆሜ እያስተረጎምኩ አነበብኩለት። ማንቆርቆሪያው ላይ ራሱን ነቀነቀ። ግማሽ ጣት የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጠና ድገመው አለኝ።

በሽታውን የነገረችን ያቺ ግማሽ ጣት ናት። ስማኝ፣ ማንም እጇን አልያዘውም። እጅ አንጓ ላይ ጠባብ በር አለ። ጣት የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችና ስሜት የሚያደርሰው ጅማት ተጣበው በዚያች በር ያልፋሉ። ሰው አንጓውን እያጠፈ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ያብጣሉ፣ ስሜት አድራሹ ይጨፈለቃል። ካውራ ጣት እስከ ቀለበት ጣት እኩሌታ ድረስ የሚሄደው እሱ ነው። ትንሿና የቀረችው እኩሌታ በሌላ መንገድ ነው የሚደርሳቸው። ድንበሩን ያበጀው እግዜር ነው፣ ሲፈጥረን።

ምላጭ እንዳይነካት። ደም የለም፣ የሚወጣም የለም፣ ያ ሰው ጅማቷን ከበጠሰ አለቀላት። የኛ ሐኪም ራሱ አንዳንዱን ይቀድዳል፣ ግን መጀመሪያ አይደለም፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል ነው።

አንተ እንደምትወደው በቁጥር አልጽፍልህም፣ አንብበህ ራስህ ቁጠረው። እንዝርቱን ታስቀምጥ። ልብስ መጭመቅ፣ ሙቀጫ፣ አንጓ የሚያጥፍ ነገር ሁሉ ይቅርባት። ሌሊት እጇን ስታጥፍ ነው የሚብሰው፣ ስለዚህ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀርከሃ ቁረጥ፣ ጠርዙን አለስልሰህ በጨርቅ ጠቅልል፣ ከመዳፏ መሃል እስከ ክንዷ ደግፈህ እሰረው። አንጓው ቀጥ ይበል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይታጠፍ። ጣቶቿ ነፃ ይሁኑ፣ ማሰሪያው ሥር ጣትህ ይግባ፣ አጥብቀህ ካሰርክ ያው በሽታውን ነው ያሰርከው። በዚያ ጎኗ አትተኛ። ቀን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እጇን አግብታ ቀስ እያለች ትክፈት ትዝጋ። ውሃውን በግራዋ ትሞክረው፣ ቀኟ እሳት አያውቅምና። ሳምንታት ይፈጃል፣ እንዳትቸኩል። ያውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሲሟሽሽ ካየህ ግን በባቡር ይዘሃት ና።

አክበረት ደብዳቤህን ሰምታ አንድ ነገር ብላለች። አልጽፈውም፣ ለሕክምናው አይረባም።

ወልደሥላሴ


አራዳ፣ መስከረም 9 ቀን 1919 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደሥላሴ፣

አዲሱ ዓመት አንተንም አክበረትንም በደህና ያስጀምራችሁ። እዚህ ዝናቡ አልወጣም፣ የአራዳ ጭቃ ጫማ እያወለቀ ያስቀራል።

በኋለኛው ደብዳቤህ ለጠየቅከኝ በተራ። ሥጋው አልሟሸሸም፣ ከግራው ጋር እያስተያየሁ በየጠዋቱ አየዋለሁ። አዎ፣ ቀጥ አድርጌ ነው የማስረው። አልጠበቀም። በእንቅልፍ ልቧ እንዳትፈታው ቋጠሮውን ከሥራ ቤት ባመጣሁት ሰም አትመዋለሁ፣ የግሪኩን ማኅተም አድርጌ። እንዳትስቅ። እሷ ስቃ ጨርሳለች። ቀርከሃውን ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ የመጀመሪያ ማታ ሳስራት ክንዷን ዘርግታ አየችውና፣ "ገነዙት እኮ አባባ፣ ፍትሐቱ መቼ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ሳስር ያ ቃል ይመጣብኛል።

እሸቴ በቀጠሮው መጣ፣ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ። ድሬዳዋ ያለ ሐኪም ከልክሎናል አልኩት። እዚያ ሆኖ እጇን አየው ወይ አለኝ። በደብዳቤ ነው አልኩት። "እንግዲያው በደብዳቤ ያድናት" ብሎኝ ሄደ። መንገድ ላይ ስንገናኝ አሁን ሰላም አይለኝም።

በቤቱ የምናድረው ማን ማን ነው ብለሃል። እኔና እሷ ብቻ ነን። ሠራተኛዋ ከበዓሉ በፊት አገሯ ሄዳ አልተመለሰችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምን እንደጠየቅከኝ አላውቅም፣ ግን ጠይቀህ ባትሆን ኖሮ የሚከተለውን አልጽፍልህም ነበር።

ፈትሉን ያቆመች ዕለት እንዝርቱንና የተባዘተውን ጥጥ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ ጠዋት ወርዷል። ተቀምጣ የምትፈትልበት ዱካዋ መሃል ቤት ወጥቷል፣ እንዝርቱ ከዱካው በስተግራ ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ እንቁላል የሚያህል ልቃቂት አለ። አዲስ ክር ነው።

ተቆጣኋት። ስለት ስለት ብለሽ እጅሽን ልትገድዪ ነው ወይ አልኳት። ክንዷን ዘረጋችልኝ። ቀርከሃው እንዳለ ነው፣ ሰሙ እንዳለ ነው፣ ማኅተሙ አልተሰነጠቀም።

"በየትኛው እጄ?" አለችኝ።

እንዝርቱንም ጥጡንም የየሺዓለም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጠዋት ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሳጥኑ ክፍት ነው። ልቃቂቱ ሁለት ሆኗል።

ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ለአክበረት አታንብብላት።

አባይነህ


አራዳ፣ መስከረም 28 ቀን 1919 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

አይደለም፣ ሌባ አይደለም። ሌባ ይወስዳል እንጂ ጥጥ ፈትሎልህ አይሄድም። አይጥም አይደለም። እንዲህ እያልክ የምትቀልደው እኔን ልታረጋጋ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አላረጋጋኝም።

የእጇን ነገር ላስቀድም። ሌሊት መንቃት ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት አንዳንድ ቀን ሳትነቃ አድራለች። ጣቶቿ ሲመለሱ ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስላታል፣ ደግ ምልክት ነው ወይስ ክፉ? ሐኪሙን ጠይቅልኝ።

አሁን ወደ ክሩ። ከዶሮ ማነቂያ ጥጥ የምታመጣልንን መይሙናን ታስታውሳታለህ፣ የየሺዓለም ባልንጀራ የነበረችውን። ልቃቂቶቹን በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ሐሳቤ ምን መሰለህ፣ ለማግ የሚሆን ክር ከሆነ ስለቱ በዚህ ያልቃል፣ የልጄም እጅ ይተርፋል፣ ከየት መጣ ብዬ አልጠይቅም ነበር። እንደዚህ ነበር ያሰብኩት።

መይሙና ክሩን ይዛ በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ተተረተረ። ደግማ በሌላው በኩል አሸችው። ጠበቀ። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ወጣችና ቆመች። ማን ፈተለው አለችኝ። ገዝቼው ነው አልኳት።

"አቶ አባይነህ" አለችኝ፣ "ይሄን ክር አውቀዋለሁ። የሺ የፈተለችው ነው።"

"የሺ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ" ብላ ልቃቂቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ መልሳ አቀበለችኝ።

ነገሩን ያስረዳችኝ ከዚያ በኋላ ነው። የሺዓለም ግራኝ ነበረች። ልጅ ሆና እናቷ ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር እያሰረች ነው በቀኟ መብላት ያስለመደቻት። መብላቱን ለመደች፣ ፈትሉ ግን በግራዋ ቀረ። ግራኝ የፈተለው ክር አጠማዘዙ ወደ ሌላ በኩል ነው፤ ከሌላ ሰው ክር ጋር አንድ ላይ ቢጠመድ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይፈታል፣ ሸማኔዎች አይወዱትም። መይሙና እንደምትለው በሰፈሩ እንዲህ የምትፈትል እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ባሏ ነኝ፣ ረስቼው ነበር። ስትፈትል አጠገቧ ስንት ዓመት ተቀምጬ ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መይሙና ደጄን አልረገጠችም። ጥጥ ስትልክ በሰው ነው።

የማስበውን በቁጥር ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። አንደኛ፣ ልጄ ራሷ ናት፣ እኔን እያታለለች ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ይገባል። ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ይታይ ይሆናል፣ አታንብበው።

አባይነህ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1919 ዓ.ም.

አባይነህ ወንድሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ደግሞም አታንብብላት ብለኸኝ ለአክበረት አንብቤላታለሁ፣ እሱንም ይቅር በል።

ጉንዳኑ ደግ ምልክት ነው። በሩ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ቀርከሃውን እንዳትተወው።

አክበረት ያን ጊዜ ያለችውን አልጽፍም ብዬህ ነበር። እንግዲህ ልጻፈው። "የየሺዓለምም እጅ እንዲህ ነበር" ነው ያለችው። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲወርዱ የሺዓለም እየሄደች ግራ እጇን ታራግፍ ነበር። ካውራ ጣት በኩል። አባይነህ ከሰማ ይጨነቃል፣ እንዳትነግሪው ብላታለች። ለሐኪማችን ነገርኩት፣ ምንም አልመሰለውም። ጠባብ በር እንደ አፍንጫ ከእናት ለልጅ ይወረሳል አለ። እኔም እንዲያ እንድታየው ነው የምፈልገው።

አሁን የማልወደውን ልበል። ልጅህ ሁለት እጅ አላት። አንተ አንዱን አሰርክ። በየትኛው እጄ ስትልህ ያን ጊዜ ነበር ግራዋን ማየት። ዋሸችህ እያልኩ አይደለም። በእንቅልፉ ተነስቶ በር ከፍቶ የሚሠራ ሰው እዚህ አይተናል፣ ጠዋት ሲነግሩት ያለቅሳል። ቁልፉ ደግሞ አንገትህ ላይ ነው ትላለህ፣ አክበረት ያን ሳጥን ታውቀዋለች፣ ክዳኑን ወደ ላይ ሲገፉት ይከፈታል ትላለች።

እንዲህ አድርግ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅ፣ በዘይት ለውስ፣ ማታ የግራ እጇን ጣቶች ቀባ። እንዳትደብቃት፣ ነግረሃት አድርገው። ጥጡ ነጭ ነው። ጠዋት ክሩ ከጠቆረ ልጅህ ናት፣ ያን ጊዜ ግራዋንም አስረህ እንቅልፍህን ተኛ። ካልጠቆረ

ይጠቁራል።

ወልደሥላሴ


አራዳ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1919 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ክሩ ነጭ ነው።

እንዳልከው ነግሬያት ነው የቀባኋት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋችልኝ። ጠዋት ጥላሸቱ ጣቶቿ ላይ እንዳለ ነው፣ ብርድ ልብሱ ላይ አምስቱም ታትመዋል። ልቃቂቱ እንደ ወተት ነው። ታጥባ ነው እንዳትለኝ፣ ያ ጥላሸት እስኪለቅ በአመድ ስንፈትግ ነው የረፈደብን። ደገምኩት። ከዚያ አንድ ማታ ራሴን ቀባሁ። አዎ፣ ሁለቱንም እጄን። ምናልባት እኔ ነኝ ብዬ። ጠዋት ማተቤ ጠቁሯል፣ ሸሚዜ ጠቁሯል፣ ቁልፉ ጠቁሯል። ክሩ ነጭ ነው። ሰርክአዲስ ፊቴን አይታ ሳቀች፣ ጥላሸቱ እስከ ጆሮዬ ደርሷል። ከዚያ ቅርጫቱን አየችና ሳቋን አቆመች።

ስለ እጇ ለጠየቅከኝ፣ ይህን በደስታ እጽፈዋለሁ። ሌሊት አይተኛም። ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ማንቆርቆሪያ በጆሮው ታነሳለች፣ ሙቀቱንም ታውቃለች። ባለፈው እሁድ መርፌውን እንደገና አነሳሁ። የሞተው እኩሌታ ተነስቷል። ድንበሩን ፈለግኩት፣ የለም። ያለ ምላጭ፣ በቀርከሃና በለብ ያለ ውሃ፣ እንዝርት ባለመንካት። ለሐኪማችሁ እጅ እነሳለሁ። እሸቴ እንኳ ሰምቶ፣ ድሮም ደሙ ትንሽ ነበር ይላል አሉ።

ግን ልብ ብለህ ስማኝ። የሷ እጅ በዳነ ቁጥር ክሩ ይበዛል። ቅርጫቱ ሞልቶ ሌላ ጨምሬአለሁ። ለመጋረጃው ማግ የሚበቃው ደርሷል፣ ተርፏልም።

የነፍስ አባታችንን አባ ገብረዮሐንስን አማከርኳቸው። እውነቱን አልነገርኳቸውም፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አድርጌ ነው የጠየቅኳቸው። አንዲት እናት ልጄ በእጇ ፈትላ ታስገባለች ብላ ብትሳል፣ ልጅቱ ታማ ሌላ ሰው ቢፈትልላት ይሆናል ወይ አልኳቸው። ብዙ አልቆዩም።

"የተባለው እጅ ካልፈተለው ስጦታ ነው እንጂ ስለት አይደለም" አሉኝ። "ቤተ ክርስቲያን ስጦታውን ትቀበላለች። የተሳለው ግን እንደተሳለ ነው።"

እናት ራሷ ብትፈትለውስ ልላቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

እንግዲህ የቀረኝ ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ቀርከሃውን ፈትቼ፣ ኅዳር ሰባት ሳይደርስ ቀን ከማታ ማጉን እንድትፈትል ልፍቀድላት። እጇ ተመልሶ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ አይነሳም፣ አንተም ይህን ጽፈህልኛል። ሁለተኛው፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ለሸማኔ መስጠት። ሰርክአዲስ የመጀመሪያውን ትፈልጋለች። "እጄ እኮ ዳነ አባባ፣ የዳነው ለምን መሰሎት?" ትለኛለች።

ትናንት ቅርጫቱን ተሸክሜ ሸማኔው ካሣሁን ዘንድ ሄድኩ። ክሩን አየና ይህ ለድር አይሆንም አለ። ድሩ በቀኝ የተፈተለ ስለሆነ ግን ለማግ ይሆናል፣ እንዲያውም ሲሻገሩ ይያያዛሉ፣ ጨርቁ ይጠብቃል አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አትመልስልኝ። መልስህ ሲደርስ ሸማኔው ጀምሮታል።

አባይነህ


አራዳ፣ ኅዳር 13 ቀን 1919 ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደሥላሴ፣

ባትመልስልኝ ነበር ደግ፣ መለስክልኝ። ደብዳቤህን ያነበብኩት መጋረጃው ከገባ በኋላ ነው። ሳታስገቡት ለአባ እውነቱን ንገራቸው ያለችውን የአክበረትን ምክር ብሰማ ይሻለኝ ነበር፣ አሁን ግን አልፏል።

አዎ፣ አስገባነው። የጊዮርጊስ ለት ጠዋት ሰርክአዲስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ተሸክማው ሄደች። ካህናቱ ወዲያው ሰቀሉት። ሰው አደነቀው። እኔ ከወንዶች በኩል ቆሜ ሳየው ነጭ ነው፣ እንከን የለውም። ከቅዳሴ በኋላ ልጠራት ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር ብዬ ከዚያ አየሁት። ከዚያ በኩል ጥላ አለበት። መጋረጃው ፊት የቆመ ሰው አልነበረም፣ ጧፉም በሌላ በኩል ነበር። ሸማኔው ኋላ ስጠይቀው በሁለት እጅ የተፈተለ ክር ብርሃኑን ለየቅል ነው የሚመልሰው፣ አዲስ ነገር አይደለም አለኝ። ይሁን።

ሰርክአዲስ እዚያው ነበረች። ጥላው ካለበት በኩል።

ስንመለስ የአራዳን ገበያ አልፈን ጠባቡ መንገድ ደረስን። ከዚያ፣ "ማጉን ማን እንደፈተለው ለአባ ገብረዮሐንስ ነገሯቸው?" አለችኝ። አልነገርኳቸውም አልኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከዚያ በኋላም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋረጃው ከገባ ወዲህ ለጥቂት ቀን ቤቱ ጸጥ አለ። ጠዋት ስነሳ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። አበቃ ብዬ ነበር። ትናንት ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጠለ፣ አራዳ በጭሱ ጠፍታ ዋለች፣ ያን በሽታ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ነው የዋለው፣ ጭሱ ነው እያለ። እኔም ጭሱ ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑ ክፍት ነው። ዱካው ወጥቷል። ጥጡ ተባዝቶ፣ ተስቦ፣ ለእጅ እንዲመች ተደርጎ በስሱ ተዘርግቷል። እንዝርቱ ባዶ ነው። ምንም አልተፈተለበትም። የተቀመጠውም በቀኝ በኩል ነው።

እኔ ስደርስ ሰርክአዲስ ቀድማኝ ቆማ እያየችው ነበር። የፈራች አትመስልም።

"ተራው የኔ ነው ማለቷ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀኝ እጇን አንገቷ ላይ እንዳለ ጌጥ በግራዋ ያዝ አድርጋ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

አልከለከልኳትም። ልከለክላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ምን ብዬ? እጅሽን ልታጪ ነው ልበላት? ከልክዬ ደግሞ ሌላ ነገሯን ባጣስ? እጇ የዳነው ይሄን ሥራ ስላቆመች ነው፣ የተረፈችው ደግሞ ይሄን ሥራ ልትሠራ ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ፣ ከሁለቱ መሃል ቆሜ ነው ይህን የምጽፍልህ። እሷ ከጀርባዬ ትፈትላለች፣ እንዝርቱ ሲሽከረከር ይሰማኛል።

ስለዚህ ለሐኪምህ በጥንቃቄ አስተርጉምልኝ። እንዲህ ተስማምተናል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጥቂት ትፈትላለች፣ አንጓዋን ሳታጥፍ፣ ክንዷን ትራስ ላይ አስደግፋ። ድንዛዜው ሳይመጣ ታቆማለች፣ ሲመጣ ሳይሆን ሳይመጣ፤ አውራ ጣቷን ራሷ ትጠብቃለች። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ። ልብስ የምጨምቀው እኔ ነኝ፣ ተምሬያለሁ። ሌሊት ቀርከሃው አይቀርም፣ ሰሙ ግን ቀርቷል፣ አልፈለገችውም። ቀን አልቆረጥንም። አንድ ዓመትም ቢሆን ሁለትም ቢሆን። የሚበዛ ከሆነ፣ የሚያንስ ከሆነ፣ ሌላ የማሰሪያ ዓይነት ካለ ጻፍልኝ። በሁለተኛው መጋረጃ ድሩም ማጉም ከአንድ እጅ ይሆናል ትላለች፣ እሱን ገና አልተነጋገርንበትም።

ለአባ ገብረዮሐንስ ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ ከአሁኑ አውቀዋለሁ። የሺዓለም በልጇ እጅ ነው የተሳለችው፣ ልጇም የሰጠችው በእጇ የፈተለችውን ያህል ነው። ድሩ ተከፍሏል። ማጉ አልተከፈለም።